ግድግዳ ውስጥ የገባው ኮት

ናዝሬት፣ ጥር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፤ ሻሸመኔ።

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትልቋ ጥርስ ወለቀ ወይስ እስካሁን በምላሷ እየነቀነቀች ታስቃችኋለች? ባልሽስ ወገቡን ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሱቄም ደህና ናት። ናዝሬት ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ እስካለ ድረስ እኔ ጦሜን አላድርም፤ በዚህ አቧራ ደግሞ ሳይበላሽ የሚከርም ራዲዮ ገና አልተሠራም። እማዬም ደህና ናት። ከዚህ በፊት «ደህና ናት» እያልኩ የጻፍኩልሽ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር፤ የዛሬው ግን የእውነቴን ነው። እንዴት ደህና እንደሆነች ለማስረዳት ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩት።

ደብዳቤውን በፖስታ ቤት አልላክሁትም። የሚያመጣልሽ መሐመድዘይን ነው፤ ያ ከእኔ ጋር ያደገው ሽንኩርት ጫኝ ሹፌር። ከእጁ ተቀበይውና በር ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው። ለባልሽ እንኳ ገና አታሳዪው። እንደ ልማድሽ ደግሞ ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምሪ፤ አውቅሻለሁ።

በታኅሣሥ መግቢያ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እስካሁን ከኪሴ አልወጣም። «እማዬ አእምሮዋን ስታ አንተ ከራዲዮ ጋር ትጫወታለህ፤ ወይ ጠበል ውሰዳት፣ ወይ ለእኔ ላክልኝ» ብለሽኛል። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሻሸመኔ ተቀምጦ ናዝሬት ላይ መፍረድ ምን ይከብዳል! በሐምሌ የትንሹ ወንድማችን መርዶ ከቀበሌ ሲመጣ አንቺም ነበርሽ፤ እንዴት ደረቷን እንደደቃች አይተሻል። ካንቺ ከተለየን በኋላም አራት ወር ሙሉ እንባዋ አልደረቀም። ኅዳር ሲጋመስ ግን ለቅሶዋን ድንገት ተወችው። ተወችው ብቻ አይደለም፤ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ሽንኩርት እየከተፈች ፈገግ! ከዚያ የአባባን አሮጌ ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና ወደ መጋዘኑ ትገባለች። በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ።

መጋዘኑን አትረሺውም፤ አባባ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው የጥጥ መጋዘን ነው። ከተወረሰ ወዲህ ባዶውን ቆሟል፤ እኛም አሁንም ያችኑ ግድግዳውን ተደግፋ የተሠራችውን ሁለት ክፍል ቤት ለቀበሌ እየከፈልን እንኖርባታለን። ውስጡ ግን አንቺ የምታውቂው አይደለም። ሳንቃው በስብሷል፤ የጥጥ መጭመቂያው ጉድጓድ አፉን ከፍቷል፤ ክፍሉ ከክፍል ጨለማ ለጨለማ ይያያዛል። እማዬ በአንዱ በር ትገባለች፤ ተከትዬ ገብቼ ብጣራ፣ ብጣራ፣ አቤት የሚል የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሷ ላይ የሸረሪት ድር ለጥፋ በሌላው በር ትወጣለች። አንድ ቀን ሳንቃ ሰብራ ገብታ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አብጦ መጣች። የት ሄደሽ ነው ብላት «አየር ልቀበል» አለችኝ። በዚያ አቧራ ውስጥ!

ያን ዕለት ነው የቆረጥሁት። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሌላው «አይሆንም» ያለውን ነገር ሳላደርግ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዲት ትራንዚስተር፣ አውራ ጣት የምታክል የሽቦ ጥቅልልና አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ አንድ ላይ በይጄ የክኒን ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ይህች ነገር እንደ ፌንጣ ጭር፣ ጭር፣ ጭር ትላለች። ድምጿን ግን ጆሮ አይሰማውም፤ የሚሰማው ራዲዮ ብቻ ነው፤ ያውም መርፌውን ጣቢያ በሌለበት ዳር ላይ ያቆሙት እንደሆነ። ስሟንም ፌንጣ አልኳት። እማዬ በተኛችበት የኮቱን ገበር ተርትሬ ከትከሻው ሥር ሰፋኋት። የስፌቱን ነገር እንኳ ተይው፤ አንቺም ብትሆኚ አትለይውም ነበር።

አሁን ደግሞ ጥበቡን ስሚ። ሰው ሁሉ ድምፅ የጎላበት እዚያ ነው ይላል። አይደለም! ራዲዮ ውስጥ አንዲት ጥቁር ዘንግ አለች። ራዲዮውን ቀስ እያልሽ ብታዞሪው ዘንጓ ጫፏን ወደ ፌንጣዋ ያቀናች ጊዜ ድምፁ ድርግም ይላል። ስለዚህ የሚፈለገው ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። አንድ ራዲዮ ከእኛ ጓዳ፣ ሌላውን ከምሥራቁ በር አጠገብ አስቀመጥሁ። የመጋዘኑን ካርታ ካርቶን ላይ ሥዬ ራዲዮዎቹ ባሉበት ሁለት ምስማር መታሁና ከየምስማሩ ክር አሰርሁ። እያንዳንዱን ክር ራዲዮው ዝም ወዳለበት አቅጣጫ መወጠር ነው። ሁለቱ ክሮች የተላለፉበት ቦታ፣ እማዬ እዚያ ናት። ይኸው ነው፤ ማንም ያላስተማረኝ የራሴ ሥራ።

የመጀመሪያው ቀን አዋረደኝ። ክሮቹ የተገናኙት ከግቢው ውጭ፣ አስፋልቱ መካከል ነበር። እማዬ አስፋልት መካከል! በአንድ እግሬ ጫማ አጥልቄ፣ በአንዱ ባዶዬን ሮጥሁ። መኪና አቁሜ ግራ ቀኝ ስጣራ ከኋላዬ ከበሩ ላይ ቆማ «ምን ጠፋህ ልጄ?» አትለኝም! ጥፋቱ የቆርቆሮውና የዚያ ሁሉ አሮጌ ብረት ነው፤ የፌንጣዋን ድምፅ እየተቀበለ እንደ ኳስ ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን ሌላ ፌንጣ ሠርቼ፣ መጋዘኑ ወለል ላይ በጠመኔ አርባ ቦታ ቁጥር ጻፍሁና ከአንድ እስከ አርባ እያዟዟርሁ አስቀመጥኋት። በየቦታው ሁለቱ ራዲዮዎች የት ላይ ዝም እንደሚሉ አንድ በአንድ መዘገብሁ። አርባ ጊዜ ሄጄ አርባ ጊዜ ተመለስሁ። ወገቤ የባልሽን ወገብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብረቱ ቢዋሽ ባይዋሽ ግድ የለኝም፤ ውሸቱን ራሱን በቁጥር ይዤዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን እማዬ ሁልጊዜ የምትቆምበትን ቦታ አገኘሁት። ሃያ ሰባት ቁጥር፤ የጥጥ ፍሬ ይከማችበት የነበረው የኋላ ክፍል። ሃያ ደቂቃ ያህል ትቆይና ትመለሳለች። ቀስ ብዬ ሄድሁ። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ደንገጥ አለችና «ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው» አለችኝ። እታለም፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። እጇን ይዤ አወጣኋት። «ተዪው እማዬ፣ ሄዷል እኮ» ስላት ጉንጬን ዳበስ አድርጋ «እሺ» አለችኝ፤ ሕፃን እንደምታባብል። እኔ ነኝ የማባብላት መስሎኝ!

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር ገባ። ፌንጣዋ የባትሪ ድንጋይ ትበላለች፤ በየአምስት ቀኑ፣ እማዬ ኮቱን ከሚስማር ላይ ስትሰቅለው፣ ሰርቄ እለውጥላት ነበር። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ግን ኮቱ ከሚስማሩ ጠፋ። እማዬም ያለ ኮት ወጥታ ትገባለች። ብጠይቃት «ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ብል እንዳይበላብኝ» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ወባዬ ተነሣ ብላ ክሎሮኪን አስገዛችኝ። ግንባሯን ብነካው ቀዝቃዛ ነው፤ እኔም ብልሁ «መድኃኒቱ ሠራ» ብዬ አለፍሁ።

ሐሙስ ጥር 21 ቀን ምሳ ላይ ነው። እማዬ ከፊቴ ተቀምጣ ሽሮዋን ትበላለች። እንዲያው እጄ አላርፍ ብሎኝ የጓዳውን ራዲዮ ከፈትሁና አዞርሁት። ፌንጣዋ አለች፤ ደከም ብላ መርፌው ላይ ከቦታዋ ሸሸት ብላለች እንጂ አለች። ሄጄ የምሥራቁንም አዞርሁና ተመልሼ ክሮቹን ወጠርሁ። ሃያ ሰባት ቁጥርን አልፈው ግድግዳው ውስጥ ተገናኙ። ይሁን፣ ኮቱን እዚያ ጥላው ይሆናል አልኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ስለካ ግን ሁለት ሜትር ያህል ሄዷል። ከዚያ ደግሞ ተመለሰ። እማዬ ከፊቴ ናት! አይጥ ኮት ለብሶ አይንሸራሸርም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ሥራዬ ላይ እምነት አጣሁ። ክሩን ካርቶኑ ላይ ጣልሁትና ወደ ሱቄ ሄድሁ።

ሱቅ ሳልደርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሰብስቤ መንገድ ላይ ያዘኝ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከመጋዘናችን በአጥር ብቻ ነው የሚለየው፤ የሰባት ሰዓቱን ዜና በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ያሰማል። ጓድ ሰብስቤ ፊቱ ደም መስሏል። ሦስት ቀን ሙሉ በዜናው መካከል አንድ ጠላት ጣልቃ እየገባ ነው፣ ምስጢር እያስተላለፈ ነው፣ ሕዝቡም እየሳቀብን ነው አለኝ። «በከተማው ካንተ ሌላ ይህን የሚያገኝ የለም ይላሉ» ሲለኝ፣ እታለም፣ ልቤ አበጠ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካላገኘሁልህ የብየዳ ካውያዬን ስበረው!» አልኩት። አፌ! እግዚአብሔር ሲፈጥረኝ አፌን አስቀድሞ ለቅቆት ነው መሰል።

ቢሮው አስገብቶ ራዲዮውን ከፈተው። ጭር፣ ጭር፣ ጭር።

ክው አልኩ። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ድምፁ ከቦታው እየተንሸራተተ ሄዶ ሄዶ ዜናው ላይ ወድቋል። በየአምስት ቀኑ እለውጠው የነበረውን አሥር ቀን አቆየሁት፤ ኮቱን ማን አግኝቶ! ምስጢር አስተላላፊ ተብሎ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንቺም ታውቂያለሽ፤ ልጽፈው አያስፈልግም። የራሴን አንገት ራሴ ፈልጌ ላስረክብ ቃል ገብቻለሁ። ነገሩ ለቅሞ የሚወስደው ደግሞ እኔን ብቻ አይደለም፤ እናታችንንም ነው።

ጓድ ሰብስቤ ጠመንጃ የያዘ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጨመረልኝ፤ ወዬሳ ይባላል። ዝምተኛ ነው፤ የአቦምሳ አካባቢ ልጅ፤ ሁለት ወንድሞቹ ጦር ሜዳ ናቸው። መጀመሪያ በደንብ ተጫወትኩበት። እሱ ድምፅ የጎላበትን ይከተላል፤ እኔ ደግሞ ዘንጓን በእጄ አዙሬ ድምፁን ባሻኝ ጊዜ አጎላዋለሁ፣ ባሻኝ ጊዜ አጠፋዋለሁ። በቄራው በኩል ወሰድሁት፣ በወፍጮ ቤቱ አዞርሁት፤ ላቡ በጆሮው ወረደ። መቼም ወዬሳ ሞኝ አይደለም። «ጋሼ፣ ራዲዮውን እስቲ ለእኔ ስጡኝ፤ እርስዎ እጅዎ ደክሟል» አለኝና ተቀበለኝ። ደረቱ ላይ አስደግፎ ሳያዞር ሳያገላብጥ ቀጥ ብሎ ሄደ። ድምፁ ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ የእኛ ግቢ ደረስን። መጋዘኑ ገባን። ቆርቆሮው ድምፁን ከዚህም ከዚያም ሲወረውርለት ትንሽ ተደናገረ፤ እኔም «ሣህልህን» እያልሁ ነበር። ከዚያ መንገዱን አገኘው። ሃያ አንድ ቁጥር፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሰባት።

እማዬ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ያለ ኮት። ፌንጣዋ ደግሞ ከፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ውስጥ ትጮሃለች፤ ራዲዮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ወዬሳ «አካም ጅርቱ ሃርሜ» ብሎ ሰላም አላት። እማዬም ሰላምታውን መለሰችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያ ዓይን የእብድ ዓይን አልነበረም። «ምን አመጣህብኝ?» የሚል የእናት ዓይን ነው። በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሰው የታፈነ ሳል ሳለ።

እኔም ሳልሁ። ሳምባዬ እስኪወጣ ሳልሁ። «ይህ የተረገመ አቧራ!» እያልሁ ራዲዮውን ከወዬሳ እጅ ነጠቅ አደረግሁና «አገኘሁት! አገኘሁት!» ብዬ ጮህሁ። ከራሳችን በላይ ከተሰቀለው የቆጣሪ ሳጥን የድሮው የኮረንቲ ሽቦ ተነሥቶ በዚያው ግድግዳ ላይ ያልፋል፤ እኛ ቤት መብራት የሚሰጠው እሱ ነው። «ይኸውልህ ጠላትህ! የላላ ሽቦ ነው። ኮረንቲው እየዘለለ ነው እንዲህ የሚጮኸው። ፊውዙን ስነቅለው ተመልከት» አልሁት። ሌላ ሣጥን ላይ ወጣሁ፤ በግራ እጄ ራዲዮውን፣ በቀኜ ፊውዙን ያዝሁ። ፊውዙን ስነቅል በዚያው ቅጽበት ግራ እጄን ዞር። ዘንጓ ጫፏን ወደ ግድግዳው አቀናች። ድርግም! ፊውዙን መልሼ ከተትሁ፤ እጄም ተመለሰ፤ ጭር፣ ጭር። ነቀልሁ፤ ድርግም። ሦስት ጊዜ። እጄ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልሽ። አልተንቀጠቀጠም። በዚህ እንኳ ልኩራ፤ ሌላው ቢቀር በዚህ ልኩራ።

ወዬሳ ሽቦውን አየ፣ ራዲዮውን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ እማዬንም አየ። «እንግዲህ ሽቦ ነው» አለ። ስንወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ በቀስታ «ጋሼ፣ እማማ ያን ኮት ሁልጊዜ ይደርቡ ነበር፤ ለሌላ ከሰጡት ሌላ ይግዙላቸው፤ ጥር ነው» አለኝና ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ሄደ። ምን እንዳወቀ እስካሁን አላውቅም። አልጠይቀውምም። ፈጣሪ ወንድሞቹን በሰላም ይመልስለት።

ከሸኘሁት በኋላ ተመልሼ ገባሁ። ከግድግዳው ጀርባ ሰው የሚይዝ የድሮ የጥጥ ፍሬ መውረጃ ቦይ እንዳለ አባባ ነግሮን ነበር፤ እኔ ረስቼዋለሁ፤ እማዬ አልረሳችውም። እዚያ ምን እንዳየሁ አልጽፍልሽም። ፌንጣዋን ብቻ ከኮቱ ገበር አውጥቼ በተረከዜ ደመሰስኋት።

የምጽፍልሽ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ከጻፍኩልሽ በኋላ ብትጠዪኝም አልፈርድብሽም። ለእማዬ ጮህሁባት። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን እንዴት ለእኔ ትደብቂኛለሽ፣ እንዴት እኔን ትጠረጥሪኛለሽ አልኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ልጄ፣ ልብህን አልጠረጠርሁም፤ አፍህን ነው የማውቀው» አለችኝ። ምን እንዳለችኝ ገብቶኛል። አንቺ ግን አታውቂውም። ቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ሲያስሞላ እማዬ ትንሹን አሥራ ስድስት ዓመት ብላ አስመዝግባው ነበር፤ ሦስት ዓመት ቀንሳ። ለዚህ ነበር በመጀመሪያው ዙር ውትድርና ስሙ ያልተጠራው። በሁለተኛው ዙር ዋዜማ ዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ ጓድ ሰብስቤ በተቀመጠበት፣ እኔ «ወንድሜን አያችሁት? ዘንድሮ ሃያ ሞላው፤ ቁመቱማ እኔን አለፈኝ!» ብዬ አወራሁ። ኮርቼበት ነበር እኮ፤ ሌላ ምንም አልነበረኝም በልቤ። በሁለተኛው ሳምንት ስሙ ተጠራ። እማዬ ለአንድም ሰው አልተናገረችም፤ ለአንቺም፣ ለእኔም። መርዶው በመጣ ጊዜ ደረቴን ስደቃ ሰው ሁሉ የወንድም ሐዘን መስሎት ነበር። ወንድሜን በአፌ እንደገደልሁት የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ይኸው አሁን ሦስት ሆንን። ይቅር በይኝ እታለም። አሁን ካልሆነልሽ ቆይተሽም ቢሆን።

ጓድ ሰብስቤ ግን በእኔ ደስታ ፈንድቷል። ዜናው ጥርት ብሎ ወጣ፣ የሰፈሩ ሳቅ ቆመ፣ እሱም ለበላዩ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ጻፈ። በእሑዱ ስብሰባ ብድግ አድርጎ አስጨበጨበልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት አድርጌ እንዳገኘሁት እስከ ምሽት ባወራሁላቸው ነበር፤ ያን ዕለት «የሽቦ ነገር ነው» ብዬ ቁጭ አልሁ። ሰው ሁሉ አሞኛል መስሎት ጠየቀኝ። ጓድ ሰብስቤ ምን እናድርግልህ ሲለኝም ላንጋኖ ያሉት ሆቴሎች ራዲዮ ተበላሽቶባቸው ጠርተውኛል፣ እግረ መንገዴን እህቴንም ሻሸመኔ ድረስ ሄጄ ልያት፣ የይለፍ ወረቀት ይጻፍልኝ አልሁት። በማኅተም አስደግፎ ጻፈልኝ፤ «ለቴክኒሻኑና ለአንድ ዕቃ ተሸካሚ» ይላል። የተሸካሚውን ስም እኔ እንድሞላው ቦታውን ባዶ ተወልኝ። ሞልቼዋለሁ። በሞጆም በዝዋይም ኬላ አልፈራም፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ማኅተሙ የእነሱ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ዕቃ ተሸካሚው ከስቷል፤ ጢሙም አድጓል፤ ሳጥኔን ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ወባው ገና በቅጡ አልለቀቀውም፤ ወፍራም ነገር እንዳታቀርቢለት፤ ጥቂት ጥቂት እየሆነ አጥሚት ይቀድም። ልጆቹን ያን ቀን ጎረቤት አሳድሪያቸው፤ የትልቋ ዓይን ሰው አይረሳም። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ መሐመድዘይንና እኔ ጨርሰናል፤ አንቺ አትጠይቂ፣ እኔም አልናገርም። ይኸው መናገር ትቻለሁ።

መርዶ እንኳ ወግ አለው እታለሜ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬውን እህል አስቀምሶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። ለዚህኛው ግን ማንም ወግ አልሠራለትም። ስለዚህ እኔው ሠራሁለት፤ ይህ ደብዳቤ ነው። በሩ ላይ ድንገት አይተሽ እንዳትጮሂ ብዬ ነው አራት ቀን ያስቀደምሁት። አንብበሽ ስትጨርሺ ከምድጃው ጨምሪው።

እመብርሃን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ ልጆችሽን ለቁም ነገር ታብቃልሽ፤ እማዬ ግንባሯን ሳምልኝ ብላለች፤ ስታስጽፈኝ ፈገግ ብላ ነበር።

አሁን አልቅሺ። እስኪወጣልሽ አልቅሺ፤ ጎረቤቶችሽ ከሐምሌ ጀምሮ ለቅሶሽን ለምደውታል፣ ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም። ቅዳሜ ግን ዓይንሽን አድርቀሽ፣ ጥቁርሽን እንደለበስሽ በሩን ክፈቺልን።

አፉን የዘጋው ታላቅ ወንድምሽ